ጋሽ ዓባይነህና የለበኑ ቀን

ሳዑዲ ውስጥ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ ያለ ቅጣት አገሩ እንዲገባ ምሕረት በታወጀበት ዓመት፣ በፈረንጆች 2017 ነው። ሪያድ ጉበይራ ሰፈር ውስጥ ከረታ ሱቅ ዳቦ ልገዛ ብገባ፣ ጋሽ ዓባይነህ ለበን የሚሉትን የእርጎ መጠጥ ጠርሙስ እያገላበጡ፣ ስለሚበላሽበት ቀን ከረታ ጋር ይጨቃጨቃሉ። በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ በክርክርማ ማን ይችላቸዋል! በዚያ ሳምንት ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ ዓለምወርቅ ሊበሩ ትኬት ቆርጠዋል። ግን ምን ያደርጋል፣ ከመክሳታቸው የተነሣ ሱሪያቸው በገመድ ታስሮ ነው የቆመው። ባለፈው ዓመትም አልማዝ ባለጭራ ወገባቸውን ለብልቧቸው ነበር።

አንድ ክፍል አብሮኝ የሚኖረው ሙሀባው ተከትሎኝ ገባ። እንደ ጋሽ ዓባይነህ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ነርስነት ተምሮ እዚህ ሴራሚክ ያነጥፋል።

«ጋሼ፣ አከሳስዎ ደስ አይልም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አገር እንደገቡ መጀመሪያ የኤችአይቪ ምርመራ ያድርጉ።»

«ምን አልክ?» ብለው ጮኹ፤ መንገዱ ሁሉ ሰማ። «እኔ ጨዋ ሰው ነኝ!»

«ጨዋነትዎን መቼ ጠየቅሁ? ይታዩ ነው ያልሁት።»

«ታይቻለሁ! ድሮ ኢቃማ ላወጣ ስል ደሜን ቀድተው አልፈሃል ብለውኛል። ኸላስ፣ አለቀ!»

«እሱ እኮ ስምንት ዓመት ሆነው።»

«ታዲያስ? ሚኒስትሪ ያለፈ ሰው በየዓመቱ ይፈተናል እንዴ? ደግሞ ቢገኝብኝ ይዘው ወደ አገሬ ይጠርዙኛል!»

«ትኬቱን የቆረጡት ወዴት ነው?»

ጋሽ ዓባይነህ አሰብ አደረጉ። «ወደ... አገሬ።»

ረታ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ አለ። እኔ ግን አልፈርድባቸውም። መባረርን የሚፈራ ሰው ትኩሳቱን በፓናዶል፣ ሳሉን በማር እያባበለ ይኖራል፤ በሽታው ግን ኢቃማ አይጠይቅም።

ሙሀባው ለበኑን ተቀበላቸው። «ትናንትም ከዚሁ ገዝተዋል። ዛሬ ደግሞ ቀኑን ለምን ያያሉ?»

«የትናንቱ ሌላ፣ የዛሬው ሌላ! ይበላሻላ!»

«ለጠርሙስ ለበን እንዲህ የተጠነቀቁ ለወይዘሮ ዓለምወርቅ ይሰንፋሉ? መድኃኒቱ አገር ቤት በነጻ ነው። ቶሎ ያወቀና ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ሠርቶ፣ ወልዶ፣ ሸምግሎ ይኖራል። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ሲወርድም ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ሰው የሚጎዳው ሲዘገይ ነው። ሳይመረመሩ ግን እንዳይጠጓቸው፣ አደራ።»

ጋሽ ዓባይነህ ለበኑን መልሰው ወስደው ቀኑን ሳያዩ ከፈሉ። ሳይከራከሩ ሲከፍሉ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአገር ቤት ደወሉልን። «ሙሀባው፣ ተገኘብኝ። ዓለሜን ሳልነካት አብረን ሄደን ተመረመርን፤ እሷ ነጻ ናት። መጀመሪያ አለቀስን፣ ቀጥላ ተቆጣችኝ፣ አሁን ክኒኑን ፊቷ ካልዋጥሁ ራት የለም። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆይ በቃሬዛ ነበር የምትመጣው አለኝ። ሱሪዬም ገመዱን ጥሏል!»

የሙሀባው ዓይን እንባ ሞላ። «አልሐምዱሊላህ፣ ጋሼ!»

«ተመስገን። አንተስ መቼ ነው የታየኸው?»

ሙሀባው እኔን አየኝ፣ ግድግዳውን አየ። «እኔማ... ያኔ ኢቃማ ሳወጣ...»

«እሰይ! አንተም ሚኒስትሪ አልፈሃላ! ያላ፣ ቀንህን እይ!»

ሙሀባው ለእረፍት አገር ሲገባ ከእናቱ ቤት በፊት ጤና ጣቢያ ሄደ። ጋሽ ዓባይነህ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር።