ከአምጃዷ ወንበር ሥር የተገኘው ወረቀት

የምስክር ስም፦ ናርዶስ ማዘንጊያ ወልደሥላሴ
ዕድሜ፦ 16 ዓመት
የትምህርት ደረጃ፦ እስከ 6ኛ ክፍል
ሥራ፦ በአባቷ ጋራዥ ትረዳለች
አድራሻ፦ ካርቱም፣ ምሥራቅ ናይል፣ ሐጅ ዩሱፍ
ቀን፦ ማክሰኞ ግንቦት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.
ቃሉ የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡40
ቃሉን የተቀበለው፦ የጣቢያው ተረኛ ሳጅን
በአማርኛ የጻፉት፦ አቶ ሰማኸኝ ብርሃኔ፣ አስተርጓሚ
አብራ የተገኘች፦ እናቷ ወ/ሮ የኔነሽ አንተነህ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ አባቴ ማዘንጊያ ወልደሥላሴ «ክታብ ሠርቶ በሰው መኪና ውስጥ ደብቋል» ተብሎ ከእሑድ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ስለታሰረ፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተጠቀለለበትን ቆዳ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። አባቴ አንድ ፊደል አልጻፈበትም። ይህ ከሁሉ በፊት እንዲመዘገብ ጠይቄ ተመዝግቧል።

ቃሌ በዐረብኛ ብቻ እንደሚጻፍ ተነግሮኝ ነበር። ዐረብኛ እናገራለሁ፤ ማንበብ ግን አልችልም። ያላነበብኩትን አልፈርምም በማለቴ፣ አቶ ሰማኸኝ በአማርኛ ጽፈው በኋላ ወደ ዐረብኛ እንዲመልሱት ሳጅኑ ፈቅዷል። ሲፈቅድም «ስትገባ ድምፅ የላትም ብዬ ነበር» አለ። ድምፄ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ጋራዥ ውስጥም ከደንበኛ ጋር አላወራም። መፍቻ አቀብላለሁ፣ ብሎን አጥባለሁ፣ ከአባቴ አጠገብ ሆኜ አያለሁ።

ከሳሹ ሀሰን የሰፈራችን ሰው ነው። በአምጃድ፣ ማለትም ሞተሯ ከፊት ወንበሮች ሥር ባለች ትንሽ ሚኒባስ፣ ከሐጅ ዩሱፍ ሱቅ ዐረቢ ወደሚባለው ገበያ ሰው ያመላልሳል። መኪናዋን የገዛት አሮጌ ሆና ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ባለቤቶች ነበሯት። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ወደ ጋራዣችን ያመጣት ሞተሯ እየተንኳኳ፣ ቤንዚን እየጨረሰች፣ ሰው ሞልታ ድልድይ መውጣት እያቃታት ነበር።

አባቴ ሲከፍታት የቫልቮቹ ክፍተት የተዘበራረቀ ሆኖ አገኘው። ትክክለኛው ልክ ስንት እንደሆነ ግን አላወቀም። ሱቅ ዐረቢ ሄዶ ሦስት የመለዋወጫ ነጋዴዎችን ጠየቀ። አንዱ አንድ ቁጥር ነገረው፣ ሁለተኛው ሌላ ቁጥር ነገረው፣ ሦስተኛው «አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህ የት ሄደ? አዳምጠህ አስተካክል» አለው። ሀሰን ደግሞ ከስልክ ላይ ያሳተመውን ወረቀት ይዞ መጣ። አባቴ በዚያ ወረቀት ልክ ቢያስተካክላት ጭራሽ ባሰባት። ያን ጊዜ አባቴ እጁን ጠርጎ «እውነተኛው ቁጥር ሳይገኝ ሁለተኛ አልነካትም» አለ። አምጃዷ ዘጠኝ ቀን ቆመች። ሀሰን በየቀኑ በር ላይ እየመጣ «ያ ማዘንጊያ! እንጀራዬ እኮ ናት፤ ቁጥር ነው የምትፈልገው ወይስ ሚስት?» እያለ በዐረብኛ ይጮህ ነበር። አሁን በግቢው ውስጥ ስላለ ይጠየቅ። ተጠይቆ አልካደም።

በዐሥረኛው ቀን አባቴ ቡሪ በሚባለው ሰፈር ወደሚኖሩት አቶ ሀብተሚካኤል ላከኝ። አቶ ሀብተሚካኤል ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። በጨርቅ የጠቀለሉት ወፍራም የጥገና መጽሐፍ አላቸው። አንድ ጊዜ አውሰውት ግማሹ ተቀዶ ስለተመለሰ ከቤታቸው አይወጣም፤ የፈለገ እዚያው ተቀምጦ ይገለብጣል። ስደርስ ከቤቱ በር ላይ ብዙ ቆምኩ፣ ማንኳኳት ስላፈርኩ። ከፍተው ሲያዩኝ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«የምን ሞተር ነው?» አሉኝ።

«የአምጃድ» አልኳቸው።

«አምጃድ የቆርቆሮው ስም ነው። እኔ የጠየቅኩሽ የሞተሩን ነው። ቁጥሩን ይዘሽ ነይ።»

አውቶቡስ ላይ እስክደርስ አላለቀስኩም። ጋራዥ ተመልሼ ከሞተሩ ጎን የተከማቸውን ቅባት በቤንዚን አጠብኩ። ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በዓይኔ ብቻ ማመን ስላልፈለግኩ፣ ስስ ወረቀት አስጠግቼ በእርሳስ አሸሁት፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ወጣ። በማግስቱ ያንን ይዤ ቡሪ ተመለስኩ። አቶ ሀብተሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ሞተሩ ከመኪናዋ ጋር የተወለደ እንዳልሆነ፣ ከሌላ ዓመት ሥሪት የመጣ እንደሆነ ነገሩኝ። ሞተሩ መቀየሩ በሊብሬውም ላይ ተጽፏል፤ ማንም ልብ አላለውም እንጂ። እኛ ሁላችን ስንፈልግ የነበረው የመኪናዋን ልክ ነበር።

መጽሐፉን ከፍተው ልኩን በአማርኛ እየመለሱ አስጻፉኝ። ጨርሼ ልነሳ ስል ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። አነበብኩ። መጽሐፉን ዘግተው እንደገና አስነበቡኝ። ሁለተኛው ላይ «ሞተሩ ሲቀዘቅዝ» የሚለውን ዘለልኩ። ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱና «እሱን ከረሳሽ ሁሉንም ረስተሻል። ብረት ሲሞቅ ሌላ ልክ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ሌላ ልክ ነው» አሉኝ። ሦስተኛ አነበብኩ፤ ያኔ ሄጂ አሉኝ።

አባቴ በዚያ ቁጥር አስተካከላት። አምጃዷ ዝም አለች። ሀሰን ድልድዩን በሦስተኛ ማርሽ ወጥቶ ተመልሶ አባቴን አቅፎ ሳመው። ይህንም ይጠየቅ።

ከዚያ አባቴ «እንደገና ቡሪ እንዳንሄድ ጽፈሽ ከመኪናዋ ጋር አኑሪው። እኛ ባንኖርም የሚከፍታት ሰው ያገኘዋል» አለኝ። የጻፍኩት በአማርኛ ነው፣ ሌላ ስለማላውቅ። ቁጥሩን በፊደል የጻፍኩት በጋራዣችን አንዱ በዐረብኛ አኃዝ፣ አንዱ በፈረንጅ አኃዝ ስለሚጽፍ እንዳይምታታ ነው። ርዕሶቹ በቀይ እስክሪብቶ የሆኑት መጻፍ የተማርኩት በሰንበት ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው፤ እዚያ ርዕስ በቀይ ነው የሚጻፈው። ቆዳ ውስጥ የሰፋሁት ዘይት እንዳይነካው ነው። ቆዳው ከአሮጌ የመኪና ወንበር ልብስ የተረፈ ነው። ከወንበሩ ብረት ጋር በክር ያሰርኩት እንዳይወድቅ ነው። ክሩ ጥቁር የሆነው ያለኝ ክር ጥቁር ስለነበረ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሱቅ ዐረቢ ላይ አምጃዷ ባትሪ ደክሞባት ስሙን የማላውቀው ሌላ መካኒክ ወንበሩን ሲያነሳ ቆዳውን አገኘ። ለሀሰን «ሐበሻው ክታብ አስሮብሃል። ከእሱ ሌላ ማንም እንዳይሠራት ነው» እንዳለው ሀሰን ራሱ ተናግሯል። ሀሰን ከዚያ በፊት እጮኛውንና እናቷን በዚያው ወንበር ላይ አስቀምጦ ወስዷቸው ነበር፤ ከዚያ ጉዞ በኋላ በዐሥረኛው ቀን የልጅቷ ቤተሰብ ጋብቻውን ትቷል። ስለዚህ በወረቀታችን ምክንያት ነው ብሎ ከሰሰ።

ጋብቻው በዚህ ወረቀት ምክንያት ፈርሷል ወይ ተብዬ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ፦ ስለ ጋብቻው የማውቀው ነገር የለም። ስለ ቫልቩ አውቃለሁ።

ሳጅኑ በዚህ ጊዜ ብዕር እንዲቀመጥ አድርጎ በቀስታ አናገረኝ። እኔ ግን ይህም እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ። ያለው እንዲህ ነው፦ ወረቀቱ ለበረከት የተጻፈ ጸሎት ነው፣ ለክፉ አይደለም ብዬ ከፈረምኩ፣ ሀሰንን አስማምቶ አባቴን ዛሬውኑ ይለቀዋል። አቶ ሰማኸኝም «ልጄ፣ በረከት ማለት እኮ ነውር የለውም» አሉኝ። እናቴ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «በያቸው! አባትሽ ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ነው የተኛው» አለችኝ።

አልልም ብያለሁ። ጸሎት አይደለም። ጸሎት ቢሆን ጸሎት ነው እል ነበር፤ አላፍርበትም። ይህ ግን የቫልቭ ልክ ነው። ዛሬ ጸሎት ነው ብዬ ብፈርም ነገ አባቴ የሚነግረውን ቁጥር ማን ያምናል? መኪናዋን ያዳናት በክታቡ ነው ይባላል። አባቴ ሥራውን በክታብ አይሠራም። ሲሚንቶ ላይ መተኛቱን አውቃለሁ፤ ከእሑድ ጀምሮ እኔም አልተኛሁም።

ቁጥሩ እውነት ከሆነ በመኪናዋ ላይ ይለካ ብዬ ጠየቅኩ። ሳጅኑ ተስማምቶ፣ ሀሰን 3፡20 ላይ ነድቶ ያመጣት አምጃድ በግቢው ውስጥ ስለነበረች፣ የጣቢያው ሹፌር ወዲያውኑ እንዲለካ አዘዘ። አሁን አይለካም አልኩ። ምክንያቱን ተጠይቄ፣ ወረቀቱ «ሞተሩ ሲቀዘቅዝ» እንደሚል አስረዳሁ።

ሳጅኑ «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ በካርቱም ግንቦት ላይ ምን የሚቀዘቅዝ ነገር አለ?» አለ። የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሞተሩን በእጄ ስነካው በጥላ ካለው ግድግዳ እኩል ሲሆን ቀዝቅዟል ይባላል አልኩ። ሳጅኑ ሹፌሩን ተመለከተው። ሹፌሩ ሽማግሌ ሰው ነው። «ወላሂ፣ ልጅቷ ልክ ናት» አለ። አምጃዷ ተገፍታ በግቢው ካለው ኒም ዛፍ ሥር ቆመች፣ የሞተሩ ክዳን ተከፈተ፣ ሁላችንም ጠበቅን። እስከዚህ ያለው ቃል ተጽፎ ያለቀው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ሀሰን በየግማሽ ሰዓቱ እየሄደ ሞተሩን በእጁ ይነካ ነበር።

ከቀኑ 9፡05 ላይ ቃሌ ቀጥሏል። እንዳልናገር ታዝዤ ከግድግዳው ጋር ቆምኩ። ወረቀቱ በአቶ ሰማኸኝ እጅ ታጥፎ ነበር። ሹፌሩ ወረቀቱን ሳያይ በራሱ የመለኪያ ቅጠሎች፣ ማለትም ውፍረታቸው በታወቀ ስስ ብረቶች፣ ስድስቱንም ቫልቮች ለካ። የሦስቱን ማስገቢያ ቫልቮች «ዜሮ ነጥብ አሥራ አምስት» ብሎ ተናገረ። አቶ ሰማኸኝ ከወረቀቱ አነበቡ፤ ዜሮ ነጥብ አሥራ አምስት ይላል። የማስወጫዎቹን ሁለቱን «ዜሮ ነጥብ ሃያ» አለ። ወረቀቱ ዜሮ ነጥብ ሃያ ይላል። ሦስተኛው ላይ ሹፌሩ ቅጠሉን ሁለት ጊዜ ሞክሮ «ይሄ ትንሽ ጠቧል፤ አሥራ ስምንት ነው» አለ።

ሳጅኑ «ኻላስ፣ አለቀ፤ አልገጠመም» አለ።

እንዳልናገር መታዘዜን አውቃለሁ። ነገር ግን ተናግሬአለሁ። «የመጨረሻው መስመር ይነበብ» አልኩ። አቶ ሰማኸኝ አነበቡት፦ «ከሁለት ወር ሥራ በኋላ እንደገና ይታይ። የማስወጫው ሊጠብ ይችላል።»

ሳጅኑ ወረቀቱን ቀምቶ ገልብጦ አየውና «ይኸውላችሁ! ይሄ ትንቢት አይደለም?» አለ።

ሹፌሩ ከሞተሩ ላይ ቀና ሳይል «ትንቢት አይደለም፣ ሰርቪስ ነው» ሲል መለሰለት።

ሀሰን ክሱን አንስቻለሁ ብሎ ለብቻው ፈርሟል። ከፈረመ በኋላ ወደ እኔ መጥቶ፣ እንዳይሰማ ይመስል ዝቅ ብሎ፣ ወረቀቱን ወደ ቦታው እንድመልስለት ለመነኝ። ሌላ ክር አምጣ አልኩት፤ የድሮውን ቆርጦታል። ስለ እጮኛው ምንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ከዚህ በኋላ ሳጅኑ ለጉዳዩ መዝጊያ አንድ መስመር እንዲጨመር አዘዘ። መስመሩ «ከእንግዲህ በማይታወቅ ፊደል ጽፌ በሰው ንብረት ላይ ላለማኖር ቃል እገባለሁ» የሚል ነበር። አልቀበልም አልኩ። አቶ ሰማኸኝ «አንድ መስመር እኮ ናት፣ ናርዶስ። ፈርመሽ አባትሽን ይዘሽ ውጪ» አሉኝ።

«የማይታወቅ አይደለም። እርስዎ አሁን እየጻፉበት ነው» አልኳቸው።

አቶ ሰማኸኝ መስመሩን ራሳቸው ሰረዙት። ለሳጅኑ በዐረብኛ ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ሳጅኑ እጁን አወናጭፎ የእስር ክፍሉን ቁልፍ ለጠባቂው ፖሊስ ሰጠ።

አባቴ ከቀኑ 10፡10 ላይ ከእስር ክፍሉ ወጥቷል። ቀበቶውና የጫማው ማሰሪያ በእጁ ነበሩ። እናቴ ስታለቅስ በአንድ እጁ አቅፏት፣ ኒም ዛፉ ሥር የተከፈተውን ሞተር አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝና የመጀመሪያ ቃሉ «ቀዝቅዞ ነው የለካችሁት?» የሚል ነበር።

«ቀዝቅዞ ነው» አልኩት።

ይህ ቃል ሁለት ጊዜ ተነቦልኛል፤ ሦስተኛውን ራሴ አንብቤዋለሁ። የተናገርኩት ያየሁትንና በእጄ የሠራሁትን ብቻ ነው። ያልተናገርኩት አልተጨመረበትም። የተሰረዘው መስመር የተሰረዘው በእኔ ጥያቄ ስለሆነ ስርዙ እንዲታይ እንጂ ገጹ እንዳይቀየር አሳስቤ፣ ከቀኑ 10፡25 ላይ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ናርዶስ ማዘንጊያ
አብራ የተገኘች እናት ፊርማ፦ የኔነሽ አንተነህ
የጻፈውና ያስተረጎመው ፊርማ፦ ሰማኸኝ ብርሃኔ
ቃሉን የተቀበለው ሳጅን ፊርማ፦ (በዐረብኛ ተፈርሟል)