ጋሼ ወንድሜነህ የሰረዙት ቃል

ክቡራን አባቶች፣ የጋሼ ባለቤት ክብርት እትዬ አረጋሽ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም የመጣችሁ ወዳጆች፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ናዝራዊት እባላለሁ። የንባብ ክበባችንን መጽሔት የማርመው እኔ ነኝ። እዚህ የቆምሁት ጋሼ ወንድሜነህን ለመሰናበትና፣ ስለ መጨረሻው ጥናታቸው እናንተን አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው።

ይህን የቦሊቪያ ጥናታቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሳቃችሁበትም አላችሁ። «የኛው ጉድ መች አለቀና ነው ቦሊቪያ?» ብለዋቸው ነበር አቶ በፈቃዱ። ጋሼም «የራስህን ማጅራት ለማየት ከኋላ ሌላ መስተዋት ያስፈልግሃል» አሏቸው።

ለምን ቦሊቪያ? አርሊንግተን በሚሠሩበት ሕንፃ ኤልሳ የምትባል የቦሊቪያ ሴት አብራቸው ትሠራ ነበር። በ2003 ኦክቶበር የአገሯ ፕሬዚዳንት ጥለው ሲሄዱ፣ ጋሼ «አሁን ማን ነው የሚያስተዳድራችሁ?» ብለው ጠየቋት። «የጠዋቱን ነው የከሰዓቱን?» አለቻቸው። ሲነግሩን ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «ልጆች፣ ይህች ሴት እኮ ስትቀልድ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም» አሉን።

ከ2001 እስከ 2006 በዚያች አገር አምስት ሰዎች ቃለ መሐላ ፈጽመው ወንበሩን ያዙ። ይህ መረጋጋት ነው? አይደለም። ታዲያ ሹም በወረደ ቁጥር ተተኪው ማን እንደሆነ ሕጉ ከተናገረ፣ ሥርዓት የለም ይባላል? ጋሼን አራት ዓመት ያስጨነቃቸው ይህ ነው።

የ2005ን ጁን አስታውሱ። ከምርጫው በኋላ ጥይት የተተኮሰ ሰሞን፣ ሁላችንም አዲስ አበባ እየደወልን ነበር። በዚያው ሳምንት ቦሊቪያ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ሲለቁ፣ በሕጉ ተራ የደረሳቸው ሁለት ሰዎች ወንበሩን ተዉት፤ ሥልጣኑ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ደረሰ። ጋሼ ቤት ተቀምጠን ሳለ እኅታቸው ከአዲስ አበባ በስልክ «አሁንስ ደኅና ነው፣ ጸጥታ ነው» አሏቸው። «የትኛው ጸጥታ?» ብለው ጠየቁ። እኅታቸው ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት።

ከዚያ ወዲህ «መረጋጋት» ማለት ሲገባኝ «ጸጥታ» ብዬ ከጻፍሁ ወረቀቱን ይመልሱልኝ ነበር። «ናዝሬ፣ ሰው ሰላም አግኝቶም ፈርቶም ጸጥ ይላል። ለይተሽ ጻፊ።» ሦስት ጊዜ መለሱልኝ። ሦስት ጊዜ አረምሁ።

ታዲያ ይህን ማን ያስረዳኝ? ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት የመጨረሻውን ገጽ ላኩልኝ። «ቦሊቪያ የጎደላት መረጋጋት ነው» ይላል። «መረጋጋት» በቀይ ተሰርዟል። ከበላዩ፣ በራሳቸው እጅ፣ «ጸጥታ» ተጽፏል።

አልገባኝም። ሰላምና ደኅንነት ማለታቸው ነው? እንዲያ ከሆነ ወቀሳ ነው። የፍርሃት ዝምታ ማለታቸው ነው? እንዲያ ከሆነ ምስጋና ነው። ወይስ መድኃኒቱ አድክሟቸው እጃቸው ሳተ? ወደ «መረጋጋት» ልመልሰው? እንዳለ ልተወው? አልገባኝም። በግምት ባርመው፣ ያላሉትን በስማቸው ማለቴ ነው።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ገጹ በደረሰኝ ዕለት መደወል ነበረብኝ። «ቅዳሜ ስንገናኝ እጠይቃቸዋለሁ» ብዬ አቆየሁት። ዛሬ ቅዳሜ ነው። በሰላም ያርፉ፣ መምህሬ። ደኅና ይሁኑ።

እናንተ ወዳጆቻቸው፣ እትዬ አረጋሽ እንደነገሩኝ ጋሼ የዚያን ገጽ ሌላ ቅጂ፣ በዳሩ ማብራሪያ ጽፈውበት፣ ከመካከላችን ለአንድ ሰው ሰጥተዋል። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም። ጥናቱ ሰኞ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነበር፤ እኔ አስቁሜዋለሁ። ቅጂው በእጁ ያለ ሰው አሌክሳንድሪያ ላንድማርክ ሰፈር፣ እትዬ አረጋሽ ቤት ያድርስልኝ። እስከ መጪው ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2007።