የሚስተር ሃልቨርሰን ጥቁር ሥጋ

በአሜሪካ ኔብራስካ ውስጥ የከብት መኖ መሸጫ ገብቶ ሳይከራከር የሚወጣ የሥጋ ሳይንስ አስተማሪ የለም። የግብርና ኮሌጅ አስተማሪዋ ሊኔት ኩቸራም ያን ሐሙስ ጠዋት ለኮሌጁ በጎች ጨው ልትገዛ ገብታ ከሚስተር ኦርቪል ሃልቨርሰን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ሽማግሌው ሃምሳ ዓመት ከብት ያረቡ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ጃኔል ደግሞ የሊኔት ተማሪ ናት።

«እንደምን አደሩ ሚስተር ሃልቨርሰን?»

«ደህና ነበርኩ፣ አንቺን እስካይ ድረስ። ጃኔልን ከሰኞ ጀምሮ እንዳትጠብቂያት። ከብት ማባበል ለመማር ኮሌጅ አያስፈልጋትም።»

«ማባበል አይደለም፤ በእርጋታ መንዳት ነው። ሰንጋ ሲባረርና ሲደነግጥ ከዋለ ጡንቻው ውስጥ ያለው ስኳር ያልቃል። ከታረደ በኋላ ሥጋው ትክክለኛውን ቀይ ቀለም የሚይዘው በዚያ ስኳር ነው። ከሌለ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል።»

«ሥጋ የሚጠቁረው በዘር ነው። እኔ በውሻና በኤሌክትሪክ ዱላ ስነዳ አንቺ አልተወለድሽም።»

ሌላ አስተማሪ ቢሆን ፈገግ ብሎ ጨውን ተሸክሞ ይወጣ ነበር። ሊኔት ግን ስህተትን በዝምታ ማሳለፍ ከጨዋነት የሚቆጠር አይመስላትም፤ ልክም ናት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። ለኮሌጁ የሸጡልን ሁለት ሰንጋዎች የአንድ ኮርማ ልጆች ናቸው። አንዱን እርስዎ ቀኑን ሙሉ በውሻ አባረው አመጡት። ሌላውን ጃኔል ያለ ውሻ፣ ያለ ዱላ አመጣችው።»

«ማን ፈቅዶላት?»

«ማንም። ሁለቱም ታርደዋል፤ ዛሬ ከሰዓት ጎድናቸው ላይ ቆርጠን ቀለሙን እናያለን። እኔም ገና አላየሁትም። ልዩነት ከሌለው ልጅቷን ይውሰዷት፤ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

ሽማግሌው ከሰዓቱ ቀድመው ኮሌጁ ደረሱ። በቀዝቃዛው ክፍል ጃኔል ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ ቢላ ይዛ፣ በተማሪዎቹ ፊት መጀመሪያ ራሷ ያመጣችውን ሰንጋ ሥጋ ቆረጠች። ሥጋው ጠየም ያለ ነበር።

«ይኸው፣ ያንቺም ጠቁሯል» አሉ ሚስተር ሃልቨርሰን።

«አባባ፣ ታገስ እንጂ። የሚቀላው አየር ሲነካው ነው።»

የሳቸውንም ቆረጠችና ሁሉም ቆመው ጠበቁ። ሊኔት ጎበዝ ተማሪዋን በአንድ ቁራጭ ሥጋ አስይዛለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የጃኔል ሰንጋ ሥጋ ደማቅ ቀይ ሆነ። የሳቸው እንደጠቆረ ቀረ። ሽማግሌው በጣታቸው ነኩት፤ ተጣበቀባቸው።

«ሁለቱም የዚያው ኮርማ ልጆች ናቸው?»

«ራስህ ነህ የመረጥካቸው» አለች ጃኔል።

«በሁለት ሰንጋ ብቻ ሁሉም አይረጋገጥም» አለች ሊኔት ለተማሪዎቿ፣ «የብዙ ሺህ ከብት መዝገብ ግን ይህንኑ ይላል። በእርጋታ የተነዳ ከብት ሥጋው ይቆያል፣ ገዢ አይሸሸውም፣ እረኛውም አይረገጥም። የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።»

ሽማግሌው አልሰሟትም። «የልጆቻቸው ሥጋ ጠቆረ ብዬ አምስት ኮርማ ነው ለቄራ የሰጠሁት» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴ ያቆየልኝን ዘር አጠፋሁት። እነሱ ምንም አላጠፉም ነበር።»

ማንም ሊያጽናናቸው አልሞከረም። መጽናኛ የሌለው ነገር ነበር።

«ጃኔል ሰኞ ትመጣለች» አሉ በመጨረሻ ወደ ሊኔት ዞረው። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን አዩ። «ቅዳሜ ሠራተኞቹን እሰበስባለሁ። እኔ ያስተማርኳቸውን እኔው ባለሁበት ሻሪው።»

«እሽራለሁ» አለች ጃኔል ቢላዋን እየጠረገች። «አንተ ግን ከፊት ትቀመጣለህ።»