ከጎረቤት ልጆች በፊት

ከዳንግላ ወደ ኮሶበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት መንገድ ላይ ነው የተዋወቁት።

«ልጄ፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እንገባ ይሆን?»

«እንገባለን አባባ። ምን አስቸኮለዎት?»

«ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ አዲስ የህንድ ፊልም ይጀምራል አሉ።»

«ውይ! እኔም እኮ ለሱ ነው የምሄደው! ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ዛሬ ግፊያው አይቻልም፤ እርስዎ ነገ ቢያዩት አይሻልም?»

«ነገማ የጎረቤት ልጆች ቀድመው ታሪኩን ለባለቤቴ ይነግሩብኛል። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ አይቼ በአውንጊ ቋንቋ የማወራላት እኔ ነኝ።»

«እንዴት ታድለዋል! ዘፈኑንስ ምን ያደርጉታል?»

«ዘፈኑ ላይ ውሃ እጠጣለሁ።»

«ታዲያ ልጆቹ ቢነግሯት ምን አለበት?»

«እነሱ ያዩትን እንዳለ ነዋ የሚነግሯት።»

«እርስዎስ?»

«እሷ በየፊልሙ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። የጠፋው ልጅ ለእናቱ ተመለሰላት ወይ? ትለኛለች።»

«ካልተመለሰስ?»

«እኔ ሳወራው ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም።»

ወጣቷ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

«ልጅ አላችሁ አባባ?»

«አንድ ነበረን፤ አለን። ለሥራ ብሎ ወጣ። ስልክ ከደወለ አራት ዓመቱ።»



«እኔ ሮጬ እገባና ከፊት ወንበር እይዝልዎታለሁ» አለች።

«ተባረኪ። መጨረሻው እንዳያመልጠኝ ብቻ።»

ያንኑ አዲስ ፊልም ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር አይቼው፣ እናትየው መጨረሻ ላይ ብቻዋን እንደምትቀር ስለማውቅ፣ ኮሶበር እስክንገባ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።