የሰበታው ባሕር

ከሰበታ በተነሳው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ወጣትና አንድ ጎረቤቱ የሆኑ ሽማግሌ ተቀምጠው ያወራሉ። ወጣቱ ነው የጀመረው።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ልጅዎ ያመጣልዎት መነጽር እንዴት ነው?»

«የዓይን መነጽር መስሎህ ነው? ገና ሳጠልቀው ባሕር ዳርቻ ላይ ቆሜያለሁ። እዚሁ ሰበታ፣ ሳሎኔ ውስጥ!»

«ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉት፣ የሌሉበትን ቦታ እንዳሉበት አድርጎ የሚያሳየው እኮ ነው። ደስ አለዎት?»

«በጣም! ማዕበሉ ሲመጣብኝ ግን ‹ያ ዋቃዮ!› ብዬ ከሶፋው ወደቅኩ።»

«ውይ! ተጎዱ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩ። ባለቤቴ ግን በሳቅ ፈረሰች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።»

«እዚያው ባሕሩ ጋ ይኑሩ ቢባሉስ? ሕመም የለ፣ ጭንቀት የለ፣ ሁሌ ደስታ!»

«እዚያ ሆኜ እሷን አላያትማ! ሳቋም የተሰማኝ ከመነጽሩ ውጭ ነው።»

«ስለዚህ መነጽሩን ተዉት?»

«ለምን ብዬ? በየማታው አጠልቀዋለሁ።»

«አሁንም ማዕበሉ ያስደነግጥዎታል?»

«ኧረ ለምጄዋለሁ! ግን በመጣ ቁጥር እወድቃለሁ። አደራ፣ ለእሷ እንዳትነግርብኝ!»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አድርጌ ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ ቃኘሁ።