በኤግዚቢትነት የተያዙት አራት ትራሶች

የምስክር ስም፦ በመታወቂያው እንደተጻፈው፤ በሰፈር አጠራር «ምላጩ»
ዕድሜ፦ 44
ሥራ፦ ፀጉር አስተካካይ
አድራሻ፦ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት
ቀን፦ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ
ጉዳዩ፦ ባልን በትራስ አፍኖ የመግደል ሙከራ

ከሁሉ አስቀድሜ ለሕግ የማስታውቀው ከባድ ጉዳይ፣ የፀጉር ቤቴ ብቸኛ ወንበር ወደ ኋላ የሚተኛበት ማንሻ አንዳች እንከን የሌለበት መሆኑን ነው። ከተጠርጣሪዋም ከተበዳዩም ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። ልብስ ሰፊውን የማውቀው በደንበኝነት፣ ያውም በቀን ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊው ስኳር በሽታ አለበት። እግሩ ከደነዘዘ ቆይቷል። በቅርቡ አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ፣ ሌላውን ባዶውን ትቶ ፀጉር ቤቴ ሲገባ «ጋሼ፣ ሌላኛው ጫማስ?» ብለው፣ ጎንበስ ብሎ አየና «እግሬን ጠይቀው፤ ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆመ ቆየ» አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከታላቅ እህቱ ጋር ሊላጭ መጣ። እህትየው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ሚስቱ ሌሊት ትራስ ይዛ ልታፍነው ስትል በመስኮት በዓይኗ አይታ ለፖሊስ ማመልከቷን ነገረችኝ። ሚስቲቱ ሰኞ ተይዛለች፤ የቤቱ አራት ትራሶችም በኤግዚቢትነት ተወስደዋል። ልብስ ሰፊው «ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ እሷ ደግፋ ታስቀምጠኛለች እንጂ አላፈነችኝም» አለ። እህቱ «አንተ ዝም በል፣ የታፈነ ሰው ምን ያውቃል» አለችው።

ጢሙን ለመላጨት ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛሁት። ወዲያው ትንፋሽ ሲስብ ሆዱ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር፤ ከንፈሩ ጠቆረ። በአካባቢው ትራስ አልነበረም፤ ሚስቱም በእናንተው እጅ ነበረች። ቀና ሳደርገው ተነፈሰ። እህትየው ይህን ሁሉ አይታ «ወንበሩንም አስደግማበት ነው» አለች።

ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሟ ከብዙ ምርመራ በኋላ፣ ስኳሩ እግሩን እንዳደነዘዘ ሁሉ ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ የሚያዘውን ነርቭም መጉዳቱን፣ በዚህም ምክንያት ሲተኛ አየር መሳብ እንደሚያቅተው፣ እንዲህ ያለው እምብዛም እንደማያጋጥም ነገረችን። ቀና ብሎ እንዲያድርም አዘዘች። እህትየው «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «እትዬ፣ ነግሬሽ ነበር፤ ዝም በል አልሽኝ» አላት። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ስለዚህ ሚስቱ ትለቀቅለት። እሱ የማይሆን ከሆነ ትራሶቹ እንኳ በዋስ ይለቀቁ ብዬ ነበር፤ መርማሪው ትራስ የዋስ መብት እንደሌለው አስረድተውኛል።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያየሁትና የሰማሁት እንጂ የጨመርኩት የለም።

እርማት፦ ከላይ «በቀን ብቻ» የተባለው ይታረም። ከማክሰኞ ወዲህ ልብስ ሰፊው የሚያድረው በወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነው። እንቅልፍ ሲወስደው ይንሸራተታል፤ ጃኬቴን ጠቅልዬ ከጀርባው እየደገፍኩ የማቃናው እኔ ነኝ። ትላንት ሌሊት ሰው በመስኮት አይቶኝ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ቃል የምሰጠው በተጠርጣሪነት ነበር።

የምስክሩ ፊርማ ........
የመርማሪው ፊርማ ........