ቦራ ባሌን የካደ ዕለት

ባሌ ከፈረሱ በላይ የሚመካበት ነገር አልነበረውም። «ቦራ ከእኔ በቀር ሰው አያውቅም» ይላል፤ ገብሱን የማበላው ግን እኔ ነኝ። የእህቱ ልጅ ሰርግ ሲደርስ ዳንግላ ገበያ ወርደን፣ ሽቶ ከሚሸጡት ሐጂ ሱቅ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ የላቬንደር አበባ ዘይት ገዛ። ሐጂ «ይህ እንደ ሽቶ አይምሰልህ፤ ካበባው የወጣ ንጥር ነው፣ እንዲሁ ከተቀቡት ያቃጥላል። አንዲት ጠብታ በማንኪያ ቅቤ ለውሰህ ተቀባ፤ ዓይንህንም እንዳይነካ» አሉት። ባሌ ግን አንዲት ጠብታ ለማን ትበቃለች ብሎ፣ በሰርጉ ጠዋት የብልቃጡን ግማሽ ራሱና አንገቱ ላይ ገለበጠው።

አጃቢው በፈረስ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ባሌ አንገቱ በርበሬ መስሎ፣ ዓይኑ እያነባ ወደ ፈረሱ ቀረበ። ቦራ አሸተተው፣ አስነጠሰና ወደ ኋላው ሸሸ። «ቦራ፣ እኔ ነኝ እኮ» ቢለው ጆሮውን አጥፎ ጀርባውን ሰጠው። አጎቱ ከኮርቻቸው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ከአንተ በቀር ሰው አያውቅም አላልኸንም?» አሉት።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ አንገቱን በቅቤ አሸሁለት። ከዚያ ጭስ የጠገበች የማጀት ነጠላዬን አምጥቼ አከናነብሁት። ቦራ ነጠላዋን አሸተተና ቀጥ ብሎ ቆመ። መንገድ ላይ ሊያወልቃት ሲሞክር ፈረሱ አልራመድም አለ አሉ፤ ባሌ እስከ ሙሽራዋ ደጅ ድረስ እኔን መስሎ ሄደ።